ወደ ቱሉ ሳላ የተላኩት ሽማግሌዎች

በእኛ ሠፈር አንድ ሰው «እናንተ ቀስ ብላችሁ ኑ፤ እኔ በራሴ መንገድ ቀድሜ እጠብቃችኋለሁ» ብሎ ሲኩራራ፣ ከትልልቆቹ አንዱ አራት ቃል ብቻ ያላት አባባል ጣል ያደርጉበታል። ሰሚው ይሥቃል፤ የኮራው ሰው ጫማውን ያያል። አባባሏ ከጥንት የመጣች የሚመስላቸው አሉ። አይደለችም። መጀመሪያ የተናገሯት ሰው ዛሬም በሕይወት አሉ። ያስነገሯቸውም ሰው አሉ፤ እሳቸው ግን ስትጠቀስ አይወዱም፤ ወሬ ይቀይራሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ያቤሎ ውስጥ ምትኩ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋ በገበያ ቀን ሞያሌ ወስዶ ይሸጣል። አንድ ቀን ከኬንያ በኩል አንዲት ልጅ የተበጠሰ የወፍጮ ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋ የሚሉትን፣ ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ መጣች። ሩሐማ ትባላለች። አባቷ አዲስ ቺንጋ ግዢ ብለው ልከዋት፣ ልኩ ከገበያ ጠፍቶባታል። ምትኩ «እስኪገኝ ይያዝልሽ» ብሎ በወፍራም ክር ሰፋላት። ስፌቱ ስድስት ወር ያዘ። ልጅቷ ግን ቺንጋው ባይበጠስም በየገበያው ትመጣ ጀመር።

አባቷ አቶ ኩሴ ከሠላሳ ዓመት በፊት ድንበር ተሻግረው፣ ቱሉ ሳላ በምትባል የኬንያ ገጠር ወፍጮ ተክለው የቀሩ የእኛው አገር ሰው ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ መልእክት ላኩ እንጂ። መልእክቱ አጭር ነበር።

«ሽማግሌ ላክ። ሦስት ይሁኑ። ቅዳሜ ከቀትር በፊት ይድረሱ። ከቀትር በኋላ ለሌላ ሰው ሽማግሌዎች ቀጠሮ ሰጥቻለሁ። በቀጠሮው ያልደረሰ ሰው ልጄ ስትታመም ሐኪም ቤት በሰዓቱ አያደርሳትም።»

ያ ሌላ ሰው የሦስት ጭነት መኪና ጌታ ልጅ መሆኑን ምትኩ ከሩሐማ ሰማ። በዚያ ሳምንት ሁለት ሱሪ አሳጥሮ ሰፋ፤ አንድ እጅጌም ሱሪ እግር ላይ ሊገጥም ሲል እናቱ ናት ያስቆመችው።

ለሽማግልናው የተመረጡት ሦስት ሰዎች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በምትኩ እናት ቤት ተሰበሰቡ። አንደኛው የእናቱ ወንድም አቶ ዘርጋው ናቸው። መኪና ገዝተው አራት ወራቸው ነው፤ ከመቀመጫው ላይ ላስቲኩን ገና አልገፈፉም። ሁለተኛዋ የሟች አባቱ እኅት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ምላሳቸው ግን ደኅና ነው። ሦስተኛው ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ ጎረቤት ናቸው። በወጣትነታቸው ከብት ሲነግዱ ያን ሁሉ የድንበር ማዶ አገር ያውቁታል፤ ብዙ አይናገሩም።

«በመኪና ነው የምንሄደው» አሉ አቶ ዘርጋው፣ ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው።

«በማን መኪና?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«በእኔ ነዋ! ሽማግሌ እንደ ጎመን እስር አውቶቡስ ውስጥ ታጭቆ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ፣ የሰው ዶሮ ጭኑ ላይ ተቀምጣ፣ እንዴት ብሎ ነው ልጅ ስጡኝ የሚለው? የዚያኛው ሰው ሽማግሌዎች በምን እንደሚመጡ ታውቃላችሁ? እኛ ከአውቶቡስ ተንጠባጥበን ስንወርድ ቢያዩን ምን ይላሉ?»

ኦቦ ጃርሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መንገዱን አውቀዋለሁ። ከሞያሌ ማዶ አውቶቡስ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከቱሉ ሳላ መገንጠያ ያወርደናል። ከዚያ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ማታቱ አለ።»

«ምን አለ?»

«ማታቱ። ሚኒባስ ማለት ነው፤ እነሱ እንደዚያ ነው የሚሉት።»

አቶ ዘርጋው እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «እንግዲህ ስሙልኝ! ቀጠሮው ከቀትር በፊት ነው፤ እሳቸው በማታቱ እንሂድ ይላሉ። ስሙ ራሱ ማታ ነው የምደርሰው እያለ!»

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ኦቦ ጃርሶ «ስሙ ነው እንጂ፣ የሚሄደው እኮ ጠዋት ነው» ቢሉም የሰማቸው የለም። ምትኩ ብቻ አልሣቀም፤ አንዴ አጎቱን አንዴ ኦቦ ጃርሶን ያያል።

«መኪናው መልካም ነው» አሉ ኦቦ ጃርሶ ሣቁ ሲያልቅ። «ግን እዚያ አገር በግራ በኩል ነው የሚነዳው። ላልለመደው ያስቸግራል።»

«ኦቦ ጃርሶ፣ መንዳት የሚያስቸግረው መኪና ለሌለው ሰው ነው።»

ኦቦ ጃርሶ ባርኔጣቸውን አነሡ። «እንግዲያው እናንተ በመኪና ኑ። እኔ በአውቶቡስ ልሂድ። አንድ ሰው ቀድሞ ቢገኝ አይከፋም።»

«ይሁን! ደርሰን ጥላ ሥር ቁጭ ብለን እንቀበልዎታለን» አሉ አቶ ዘርጋው። እትዬ ጥሩወርቅ ልባቸው ከኦቦ ጃርሶ ጋር ነበር፤ ጉልበታቸው ግን ከመኪናው ጋር ሆነ።

ዓርብ ጠዋት ሲነሡ የምትኩ እናት በሯ ላይ ቆማ መረቀቻቸው። «ከግራ ይሰውራችሁ! በቀኝ ያውላችሁ! በቀኝ አውሎ በቀኝ ይመልሳችሁ!» አቶ ዘርጋው ከሁሉም አስበልጠው ጮክ ብለው አሜን አሉ።

ያን ቀን ሦስቱም ሞያሌ ደረሱ፤ የመኪናዋንም ወረቀት አስጨርሰው ተሻገሩና ማዶ አደሩ። ቅዳሜ ማለዳ እትዬ ጥሩወርቅ ሲነቁ ኦቦ ጃርሶ ሄደዋል። አቶ ዘርጋው ተነሥተው መኪናዋን ሲያዩ ግን የያቤሎ መንገድ ቀይ አቧራ እስከ ጣሪያዋ አልብሷታል።

«እንዲህ ሆና ሽማግልና አትሄድም» አሉ።

«ሽማግሌዋ እሷ ናት ወይስ እኛ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«እኛን ከማየታቸው በፊት የሚያዩት እሷን ነው።»

ሞያሌ ላይ ውሃ ለሰው ፊት መታጠቢያም የሚለመን ነገር ነው። አቶ ዘርጋው አሥራ አንድ ጀሪካን አስመጥተው በመኪናዋ ላይ አስፈሰሱ። በመንገድ የሚያልፈው ሰው እየቆመ፣ ምራቁን እየዋጠ አየ። ከዚያ ጎማዋን በጨርቅ፣ መስተዋቷን በጋዜጣ ወለወሉ። ሲነሡ ሁለት ሰዓት አልፏል።

«ችግር የለም» አሉ አቶ ዘርጋው፣ ሞተሩን እያስነሡ። «እኛ የማንንም መሳፈርና መውረድ አንጠብቅም።»

ከከተማው ሲወጡ ጥቁሩ አስፋልት ባዶውን ተዘርግቶ ጠበቃቸው። አቶ ዘርጋው ደስ አላቸውና በለመዱት በቀኝ ረድፍ ለቀቁት።

«ዘርጋው፣ ሰውዬው በግራ ነው ብለው አልነበር?»

«እትዬ፣ የእኅቴን ምርቃት አልሰሙም? በቀኝ ያውላችሁ ነው ያለችን። ገና በጠዋቱ ወደ ግራ ገብቼ ምርቃት ላፍርስ?»

«ምርቃቱ ለነፍስህ ነው እንጂ ለጎማህ አይደለም።»

«ቀኝ ቀኝ ነው። ለነፍስም ለጎማም።»

ብዙም ሳይሄዱ ሙዝ የጫነ መኪና ፊት ለፊት መጣባቸውና ጡሩምባውን አስጮኸ። አቶ ዘርጋውም የራሳቸውን አስጮኹ። የሙዙ መኪና ለጥቂት ሸሽቶ አለፈ፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ቋንቋው ባይገባም ምርቃት እንዳልነበር ገባቸው። ቀጥሎ አንድ ፒክአፕ፣ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ረጅም አውቶቡስ እንዲሁ እየጮኹ አለፉ።

«የዚህ አገር ሹፌር በሙሉ ዛሬ በግራ ጎኑ ነው የተነሣው» አሉ አቶ ዘርጋው።

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊት እየደገሙ ነበር።

ትንሽ ወረድ እንዳሉ የትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። ፖሊሱ ቦረንኛ ይናገራል፤ እትዬ ጥሩወርቅም ያቤሎ ያደጉ ናቸውና እሳቸው አስተረጎሙ።

«በየትኛው ወገን ነው የምትነዳው ይልሃል።»

«የእኅቴ ምርቃት ነው ይበሉት። በቀኝ ዋሉ ተብለናል፤ በግራ መሄድ እኛ ዘንድ ደግ አይደለም ይበሉት።»

እትዬ ጥሩወርቅ ለመተርጎም አፈሩ፤ ግን ተረጎሙ። ፖሊሱ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«ምን አለ?»

«እኅትህ የመረቀችህ እንደሆነ በእኅትህ አገር ንዳ፤ እዚህ ግራህን ያዝ ይልሃል። ደግሞ ይቺን አሮጊት በወንበር አስረህ የት ልትጥላት ነው ይልሃል።»

«የመጨረሻውን እሱ ነው ያለው?»

«አይደለም። እሱን ያልሁት እኔ ነኝ።»

ፖሊሱ ወረቀቶቻቸውን ሁሉ ገልብጦ አየ፣ በእጁ እያሳየ ሦስት ጊዜ መከራቸው፣ አቶ ዘርጋውንም «ግራ፣ ግራ» እያሰኘ በቃል አስጠናቸው። ሲለቃቸው አርባ ደቂቃ ሄዷል።

«እትዬ፣ ዛሬስ ግራ ገባኝ» አሉ አቶ ዘርጋው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው።

«ግራ ግባ ስትባል ቀኝ ስለገባህ ነው ግራ የገባህ!»

ከዚያ በኋላ በግራ ሄዱ፤ ችግሩ ግን አላለቀም። ከፊታቸው ፍየል የጫነ አሮጌ ጭነት መኪና ሽቅብ ሲያዘግም ደረሱበት። የእኛ አገር መኪና መሪው በግራ ነው። በግራ ረድፍ ሲነዳ ሹፌሩ የመንገዱ ዳር ላይ ይቀመጥና ከፊቱ ካለው መኪና ሌላ ምንም አይታየውም። መንገዱን አሻግሮ ማየት የሚችለው በቀኝ የተቀመጠው ሰው ነው። በቀኝ የተቀመጡት ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው።

«እትዬ፣ ከፊት የሚመጣ አለ?»

«የለም።»

«ልለፍ?»

«ቆይ! አለ።»

«ምንድን ነው?»

«ግመል።»

«ግመል እኮ መኪና አይደለም!»

«እኔ የሚመጣ አለ ወይ ስትለኝ ነው የነገርኩህ።»

«እሺ አሁንስ?»

«አሁን የለም። ግን ከጉብታው ማዶ ይኖር ይሆናል።»

«ስለዚህ ልለፍ አልልፍ?»

እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን አጣመሩ። «እኔ እንጃ። የሰው ነፍስ በአፌ አላጠፋም። ሽማግልና ነው እንጂ ሹፌርነት አልተላክሁም።»

እንዲህ እየተባባሉ ከአንድ ሰዓት በላይ የፍየሉን መኪና ተከተሉት። ፍየሎቹ በኋላው ፍርግርግ አሻግረው ቁልቁል ያዩዋቸዋል። ከፍየል መኪና ሥር የሚፈስ ነገር አይጠፋምና፣ ነፋሱ እያነሣ በታጠበችው መኪና ፊት ላይ አርከፈከፈው። አቶ ዘርጋው መጥረጊያውን ሲያስነሡት ጭራሹን ለቀለቀው። የአሥራ አንድ ጀሪካን ውሃ በዚያው ቀረ። እትዬ ጥሩወርቅ በበኩላቸው ቀሚሳቸው በሙቀት ከመቀመጫው ላስቲክ ጋር ተጣብቆ፣ በተነቃነቁ ቁጥር እንደሚላጥ ልጥ ይጮኻል።

መገንጠያው ላይ ሲደርሱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከዚያ ወደ ቱሉ ሳላ የሚወስደው አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የአፈር መንገድ ነው።

«ሠላሳ ደቂቃ አለን» አሉ አቶ ዘርጋው፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ። «ይሄ ደግሞ አንድ ለእናቱ የሆነ መንገድ ነው። እዚህ ግራ የለ ቀኝ የለ!» ነዳጁን ረገጡ።

ግማሹን መንገድ እንደሄዱ ሰው እስከ ጣሪያው የጫነ ማታቱ ከፊት ለፊት መጣ። ጠዋት ያስገባቸውን መንገደኞች አውርዶ ሌሎች ጭኖ የሚመለሰው ነው። የማታቱው ሹፌር እንደ አገሩ ወደ ግራው ሸሸ። አቶ ዘርጋው እጃቸው እንደ ለመደው ወደ ቀኝ ሸሹ። ሁለቱም አንድ ጥግ ላይ ተፋጠጡ። ሹፌሩ ይሄ ሰው እንግዳ ነው ብሎ ወደ ቀኙ ተመለሰላቸው፤ በዚያው ቅጽበት አቶ ዘርጋው የፖሊሱ ትምህርት ትዝ አላቸውና ወደ ግራ ገቡ። እንደገና ተፋጠጡ። ሦስተኛ ጊዜ ማንም ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ፣ አቶ ዘርጋው ግራውንም ቀኙንም ትተው መንገዱን ለቀቁ። መኪናዋ ቁጥቋጦ ጥሳ ከደረቀ ወንዝ አሸዋ ውስጥ እስከ ሆዷ ገባች።

ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። የማታቱው ሰው በሙሉ ወርዶ መጣ። ወንዱ ሸሚዙን ሰበሰበ፣ ሴቱ ሽርጧን አጠበቀች። እትዬ ጥሩወርቅ ወርደው አነጋገሯቸው።

«እንግፋላችሁ ይላሉ። በአንድ ጊዜ እናወጣታለን ይላሉ።»

አቶ ዘርጋው ሃያ ሰው እጁን ወደ መኪናቸው ሲዘረጋ አዩና ዘለው ፊቷ ቆሙ። «አይንኩብኝ! በምን እጃቸው? ቀለሟን ሊፍቁት ነው! መጎተቻ ያለው መኪና እጠራለሁ።» ስልካቸውን አወጡ። የያቤሎ ሲም ቱሉ ሳላ ላይ ምን ይሠራል? ስልኩን ወደ ሰማይ አነሡት፣ ዞሩ፣ ጉብታ ላይ ወጡ። ሰዎቹ ትንሽ አይተው፣ እርስ በርሳቸው የሆነ ነገር ተባብለው ሥቀው፣ ወደ ማታቱው ተመለሱና ሄዱ።

«ዘርጋው» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። አሁን ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «ፀሐይዋን ተመልከት። የልጁ ነገር እዚህ አሸዋ ውስጥ ሊቀበር ነው። ና በእግርም ቢሆን እንሂድ።»

«መኪናዬን ሜዳ ላይ ጥዬ?»

«የእኅትህ ልጅ ይበልጥብሃል ወይስ መኪናህ?»

አቶ ዘርጋው ለአፍታ አሰቡ። «የእኅቴ ልጅ ሰው ነው፤ ራሱን ይጠብቃል። እሷን ማን ይጠብቃታል?»

እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ያን የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ወደ ቱሉ ሳላ ጉዞ ጀመሩ። ፀሐይ አናታቸው ላይ ቆማለች።

ኦቦ ጃርሶ ግን ያን ጊዜ የት ነበሩ?

እሳቸው ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሲወጡ ወንበር የተገኘላቸው በሁለት ሰዎች መካከል ነው። በአንድ በኩል ሞሉ የሚባሉ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ በሌላ በኩል ቱሜ የሚባሉ ባልቴት፤ አቶ ዘርጋው የፈሯት ዶሮም አልቀረችም፣ ቱሜ ጭን ላይ ነበረች። ኦቦ ጃርሶ ብስኩት አውጥተው ለሦስት ከፈሉት። የአውቶቡስ ጨዋታ ከዚያ ጀመረ።

«ወዴት ነህ?» አሏቸው ሞሉ በቦረንኛ።

«ቱሉ ሳላ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ልጅ ልለምን። የወፍጮውን ሰው የኩሴን ልጅ።»

ሞሉ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። «እኔ የእናቷ ወንድም ነኝ። ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ነው የሚባለው። ሁለቱ የት አሉ?»

«በመኪና እየመጡ ነው።»

«በራሳቸው መኪና?»

«በራሳቸው።»

ሞሉና ቱሜ በኦቦ ጃርሶ አናት ላይ ተያዩ። «እንግዲያው አይደርሱም» አሉ ቱሜ፣ ዶሮዋን እያስተካከሉ።

ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ኦቦ ጃርሶ የሞሉን ጓዝ ተሸከሙ፤ ማታቱው ላይ ደግሞ ቱሜ ለኦቦ ጃርሶ በክርናቸው ቦታ አስለቀቁላቸው። አራት ሰዓት ሳይሞላ ቱሉ ሳላ ገቡ። ሞሉና ቱሜ እህል ሊያስፈጩ ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ኦቦ ጃርሶ ግን አልተቀመጡም። በእኛ ዘንድ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። በሩ አጠገብ ቆመው መንገዱን ማየት ጀመሩ።

አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል ሆነ። ሩሐማ ወንፊት ይዛ በወፍጮ ቤቱ በር ትወጣለች፣ ትገባለች። በወጣች ቁጥር መንገዱን ታያለች፤ ቀጥላ ጥላዋን ታያለች። ጥላዋ እያጠረ እያጠረ እግሯ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም።

ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወፍጮው ጸጥ አለ። አቶ ኩሴ ቅንድባቸው ላይ ያለውን ዱቄት እየጠረጉ ወጡ።

«ከያቤሎ የመጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ያልሁት ሦስት ነበር።»

«ሁለቱ መንገድ ላይ ናቸው።»

አቶ ኩሴ ጣታቸውን ወደ ፀሐይዋ ቀሰሩ። «እሷም መንገድ ላይ ናት። ስታልፍ ግን አትጠብቃቸውም። አንድ እንጨት አይነድም፣ ወንድሜ፤ አንድ ሽማግሌም ሽማግሌ አይባልም።» ሊመለሱ ዞሩ። ሩሐማ ወንፊቱን ደረቷ ላይ ያዘችው።

ያን ጊዜ ሞሉ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ሄደው ከኦቦ ጃርሶ ቀኝ ቆሙ። ቱሜም ዶሮዋን ለሌላ ሴት ሰጥተው በግራ ቆሙ።

«ሦስት ካልህ ይኸው ሦስት ነን» አሉ ሞሉ።

«ሞሉ! አንተ የእኔ ወገን አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። ግን ይህ ሰው ዛሬ ጓዜን ተሸከመልኝ፣ ብስኩቱንም አካፈለኝ። እስከ ማታ የእሱ ነኝ። ነገ ወደ አንተ እመለሳለሁ።»

በጥላው ሥር የነበረው ሰው ሣቀ። አቶ ኩሴ ግን አልሣቁም። «ሽማግሌ በመንገድ ላይ አይለቀምም» አሉ።

«ኩሴ» አሉ ቱሜ። «ይሄ ወፍጮ የቆመው በማን መሬት ላይ ነው?»

«በእርስዎ።»

«ከሠላሳ ዓመት በፊት መሬት ስጪኝ ብለህ ደጄ ላይ ስትቆም ስንት ነበራችሁ?»

አቶ ኩሴ ወደ መሬት አዩ። «ብቻዬን ነበርሁ።»

«እኔስ ሂድና ሦስት ሆነህ ና አልሁህ?»

የቱሜ ዶሮ በሴትዮዋ እጅ ታንጎራጉራለች። አቶ ኩሴ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ እሷ ዓይኗን ሰበረች። ከዚያ ለኦቦ ጃርሶ እንዲህ አሏቸው፦

«አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ድንበር ማሻገር እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ስሻገር እናቴን ዳግመኛ አላየኋትም። ልጄ ብትታመም፣ ብትከፋ፣ ማን ይነግረኛል?»

ኦቦ ጃርሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ሀብታም አይደለሁም፤ መኪናም የለኝም። ግን አውቶቡሱ በየቀኑ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል፤ ወንበሩንም ሰዎቹንም ለምጃቸዋለሁ። ታመመች ሲባል ሰው አልልክብዎትም፤ ራሴ እመጣለሁ። ናፈቀች ሲባል ይዣት እመጣለሁ። ከያቤሎ ቱሉ ሳላ ሁለት ቀን አይፈጅም። ሩቅ የሚሆነው ለማይሄድበት ሰው ነው።»

አቶ ኩሴ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ገና አላለፈችም።

«ግቡ» አሉ። ቆይተውም «ተቀመጡ» አሉ።

ተቀመጡ መባል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሩሐማ ወንፊቱን ጣለችውና ወደ ጓዳ ሮጠች። አቶ ኩሴ ከቀትር በኋላ ለተቀጠሩት ሽማግሌዎች ደውለው እንዳይለፉ ነገሯቸው። ፍየል ታርዶ ነበርና ገበታ ቀረበ። ሞሉና ቱሜም የወንዱ ወገን ናቸው ተብለው ከላይ ተቀመጡ፤ ቱሜ «ዛሬ እንኳ ያገሬ ሰው እንግዳ አድርጎ አበላኝ» እያሉ ቅልጥም ያዙ።

ሁለተኛው ትሪ ሲገባ ወተት የሚያመላልስ ሞተር ብስክሌት በር ላይ ቆመ። ከኋላው፣ በሁለት የወተት ጀሪካኖች መካከል፣ እትዬ ጥሩወርቅ ተቀምጠዋል። መንገድ ላይ አንሥቷቸው ነው። ነጠላቸው በወተት ርሷል፤ ጫማቸው አንዱ የለም። ነጂው ደግፎ አወረዳቸው። በሩ ላይ ቆመው ውስጡን አዩ። ኦቦ ጃርሶ ሁለት ጉንጫቸውን ሞልተው በእጃቸው «ይምጡ፣ ይምጡ» ይላሉ። ሩሐማ አዲስ ቀሚስ ለብሳ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች፤ ፊቷን አይተው ነገሩ እንዳለቀ ገባቸው። እልል ሊሉ ፈልገው ትንፋሽ አጠራቸው።

አቶ ኩሴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሏቸው። «እሰይ፣ እንኳን ደኅና መጡ! አንዱ ሽማግሌ ቀድመው ደርሰዋል፣ ሁለተኛዋ እርስዎ ነዎት፤ ሦስተኛውስ የት ቀሩ?»

እትዬ ጥሩወርቅ መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ። ገበታው አጠገብ ቁጭ አሉ፣ የታመመውን ጉልበታቸውን ዘረጉ፣ አንድ ጉርሻ ሥጋ ዋጡ፤ ከዚያ በመጡበት መንገድ በኩል እያመለከቱ እንዲህ አሉ፦ «ባለመኪናው በመንገድ፣ ባለአውቶቡሱ በማዕድ!»